በጓሮ በር የተጠየቀ ማሳ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለቤሪል፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? እናንተ ዘንድ ፀደይ እየገባ ስለሆነ ትንሽ ለቀቅ ሳያደርግሽ አይቀርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሮይ ደህና ነው? አሁንም ከበጎቹ ይልቅ ከውሻው ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል? ግልገሎቹስ በደህና ተወለዱላችሁ? እዚያ ከምድር ወገብ ማዶ፣ በዓለም ጫፍ፣ በዚያ በሳውዝላንድ ነፋስ ውስጥ ሳስብሽ፣ ሁልጊዜ በሩን በትከሻሽ ገፍተሽ ስትገቢ ነው የምትታዪኝ። እኔ ከጉንፋኔ በቀር ደህና ነኝ። ክሊፎርድም አለ። «ደህና ነው» ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ እጄ እምቢ ስላለኝ፣ አለ ብዬ ልለፈው።

እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴም ሞላ። በማርች ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ እንደተንጠለጠለ፣ ምላሱም እንደተያዘ ነው። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ሁሉንም ያውቃል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ጠዋት ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያዞርና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን የላርውዶችን ማሳ ሲያይ ይውላል። ያ ማሳ ለእሱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ስንዴው ከታጨደ በኋላ ትራክተር ገብቶ እስኪገለብጠው ድረስ፣ ያቺን ከመሬት በታች ብረት ስታገኝ የምትጮህ መሣሪያውን ይዞ ከዳር እዳር ይመላለስበት ነበር። የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የዛገ ምስማርና የድሮ ወታደር የኮት ቁልፍ ነው። «እኔን በዚህ ትጋት ፈልገኸኝ ቢሆን ኖሮ አሥር ዓመት ቀድመን እንጋባ ነበር» እያልኩ እስቅበት ነበር። አሁን ግን የምታክመው ልጅ ለብቻዬ ጠርታ፣ ከዚያ ወንበር የሚያስነሳው ነገር ካልተገኘ እዚያው እንደሚቀር ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ከማሳው በቀር የሚያስነሳው ነገር አላውቅም።

ማሳው ግን ተዘጋብን። ሽማግሌው ላርውድ በጃንዋሪ አርፏል። ለክሊፎርድ የሰጠው ፈቃድ የቃል ብቻ ነበር፤ «ግባ፣ በሩን እንዳገኘኸው ተው፣ ጉድጓድህን ድፈን» ብሎት በዚያው ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ቃሉም ከሽማግሌው ጋር ተቀበረ። መሬቱን የወረሰው የወንድሙ ልጅ ግሌን ነው። በፀደይ ሌቦች እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዘው፣ ጨለማ ለብሰው ገብተው፣ ስንዴው ገና በቡቃያው ሳለ ማሳውን ወንፊት አስመስለውት ሄዱ። ግሌንም ከዚያ ወዲህ በሩን በሰንሰለት አስሮ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀለበት። ሳያስፈቅዱ መግባት ክሊፎርድ ሞቱን ይመርጣል፤ በእሱ ዘንድ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ፈላጊ አይባልም፣ ሌባ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሄዶ መጠየቅ ነበረበት። በእኛ ቤት ጠያቂው እሱ ነበር። እኔ መኪና ውስጥ የሻይ ፔርሙዝ ታቅፌ፣ መስታወቱን ዘግቼ እጠብቅ ነበር።

መቼም ታውቂኛለሽ። የቄሱን የአትክልት ቦታ ፖም አንቺ ስትጠይቂ እኔ ከአጥሩ ጀርባ ተደብቄ የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ፤ ይህ ፍርሃት ዕድሜ ስልሳ ስምንት ሲሞላ የሚለቅ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ከመኪና እንኳ ወርጄ ነበር። በሩ አጠገብ እንቁላል የሚሸጡበት ሳጥን አለ፤ ሻጭ የለውም፣ እንቁላሉን ወስደሽ ሳንቲሙን በቆርቆሮው ውስጥ ትጥያለሽ። ግሌን ከበረቱ ብቅ ሲል እንቁላል አንስቼ፣ እጄን አውለብልቤለት ተመለስኩ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ደግሞ ግሌን ጭራሽ አልነበረም፤ እኔ ግን እንቁላል ገዛሁ። ፍሪጁ ሲሞላ ክሊፎርድ የት እንደምሄድ ገባው። አንድ ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል ሳቀርብለት ሳህኑን በግራ እጁ ቀስ አድርጎ ገፋና አየኝ። እታለም፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ ደግሞ ከደጃዝማችነቱም ባሌን ላጣው ነው አልኩና ቆረጥኩ። መስታወት ፊት ቆሜ የምለውን አጠናሁ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ሄዝል ታትል እባላለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው የምኖረው» አልኩ፤ እንደማያውቀኝ! ግሌን ሕፃን ሳለ ጥርሱ ሲያመው በመንደሩ ትምህርት ቤት ምግብ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ጥሩውን ጥቁር ካፖርቴን ለበስኩ፤ በአሮጌ ሹራብ መሬት የሚለምን ሰው ማን ያምናል ብዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ፤ የእንቁላሉን ሳጥን ሳላይ አለፍኩና በሩን አንኳኳሁ። የፊቱን በር።

አዎ፣ የፊቱን በር። አሁን ጮክ ብለሽ ስትስቂ ይሰማኛል። የገበሬ ቤት የፊት በር ለሬሳ ሣጥንና ለዕዳ ሰብሳቢ እንጂ ለሰው እንዳልተሠራ እኔና አንቺ ከእናታችን ጡት ጋር የጠጣነው ነገር ነው። ፍርሃቴ ግን አገር አስረሳኝ። ከውስጥ ውሻው ጮኸ፣ ወንበር ተንቋቋ፣ መዝጊያው ቢታገሉት እምቢ አለ። ከዚያ ግሌን በቤቱ ጎን በካልሲ ብቻ እየሮጠ መጣ። ጥቁር ካፖርቴን ከላይ እስከ ታች አየና ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ሞተ?» አለኝ። ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «ማንም አልሞተም፤ ባሌ መናገር አቅቶታል» አልኩት። ይህን ቃል ለሰው አፍ አውጥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። መሬት መለመኑን ስፈራ የከረምኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የፈራሁት ይቺን ቃል ኖሯል።

«ያ በር እኮ አጎቴ ከወጡበት ወዲህ አልተከፈተም፤ በጓሮ ይግቡ» ብሎ ወደ ማድ ቤት አስገባኝና ሻይ ቀዳልኝ። ሻዩ ቀለሙ ቢታይ ጥሩ ነበር፤ ግማሹን ግን ካፖርቴ ጠጣው። የመጣሁበትን እንደምንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ። «ወይዘሮ ሄዝል፣ በዚህ ነገር አይሞግቱኝ። ያንን መሣሪያ የያዘ ሰው ማሳዬን አይረግጥም ብያለሁ፤ ዛሬ ለእርስዎ ከፈቀድኩ ነገ ለማን ነው የምከለክለው?» አለኝ። ክሊፎርድ እኮ ያገኘውን ሽቦና ስባሪ ብረት ሁሉ እየለቀመ በሩ ሥር ለአጎትህ ሲያስቀምጥላቸው ነው የኖረው አልኩት። «እሱን አላጣሁትም፤ እንግዲያው ራሳቸው ይምጡና ይጠይቁኝ» አለ። ደሜ ፈላ። «አንተ ልጅ፣ አይናገርም እያልኩህ!» አልኩት። «ሰምቻለሁ። አጎቴ ቃላቸውን የሰጡት ለእሳቸው ነው። እኔም የምሰጥ ከሆነ ለእሳቸው ነው» ብሎ ኩባያውን አነሳ።

እንዴት አድርጌ እንደነዳሁ አላውቅም። አሽሟጠጠብኝ ብዬ ነው የወሰድኩት። በሽተኛ ሰው ላይ ይሄን ያህል መጨከን ምን ይሉታል? ለክሊፎርድ ላለመንገር ማልኩ፤ ደግሞ ተዋርዶ እንዳይመለስ ብዬ። ግን ከበታቻችን ያለው የጎረቤት ማሳ መገልበጥ ሲጀምር የትራክተሩ ድምፅ ቤት ድረስ ገባ፤ ክሊፎርድም ዓይኑን ጨፈነ። የቸኮልኩትም የተናደድኩትም እኔ ነኝ፤ እራት እያቀረብኩ «ራሱ ይምጣ ብሏል፣ ያ ትዕቢተኛ!» ብዬ ዘረገፍኩት። ክሊፎርድ ማንኪያውን አስቀመጠ። ረጅም ጊዜ ወስዶበት ተነሳ፣ ኮፍያውን ከመንጠቆው አወረደና በሩ አጠገብ ቆመ። ሲመሽ የሰው ቤት አይኬድም ብዬ በስንት ልመና አሳደርኩት።

በማግሥቱ በጓሮ በር ገባን። ላብ ፊቱን አጥቦት ነበር፤ ያ ከማንም ገበሬ ጋር ሲቀልድ የኖረ ሰው እንደ እኔ ፈርቶ አየሁት። ግሌን ወንበር ሳበለት፤ ክሊፎርድ ግን አልተቀመጠም። «እሺ፣ አቶ ክሊፎርድ፣ ምን ፈልገው መጡ?» አለው። እኔ አፌን ከፈትኩ። ግሌን ወደ እኔ ሳያይ ጣቱን አነሳ። «እሳቸውን ነው የጠየቅሁት» አለ። እታለም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝምታ ለጠላቴም አልመኘውም። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ያቺን ማድ ቤት አላዩም። ማንቆርቆሪያው ፈልቶ በራሱ ጠፋ። የክሊፎርድ ከንፈር ይንቀጠቀጣል፣ ከጉሮሮው የሆነ ነገር ይነሳና መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ምላሴን ነክሼ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ።

ከዚያ ግራ እጁን ዘርግቶ ከመሬት ከፍ አድርጎ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ያወዛውዘው ጀመር። መሣሪያውን መያዙ ነው። በማድ ቤቱ ወለል ላይ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሌላ ሄደ፤ ውሻው ግራ ገብቶት ተከተለው። ቆመ። እንደምንም ጎንበስ ብሎ ሣሩን ከነሥሩ ቆርጦ እንደሚያነሳ ሰው ሆነ፣ አንድ ነገር አወጣና ለግሌን ዘረጋለት። ከዚያም፣ ይህን እያሰብኩ አሁንም እንባዬ ይመጣል፣ የቆረጠውን ሣር መልሶ አስቀመጠና በጫማው ረገጥ፣ ረገጥ አደረገው። ቀና ብሎ ልጁን ዓይን ዓይኑን አየው። ግሌን ወደ እሱ ተራመደ። መጀመሪያ ቀኝ እጁን ሊሰጠው ነበር፤ አይቶ መለሰና ግራውን ሰጠው። «ጉድጓዱን ለሚደፍን ሰው ምን ክልከላ አለ፤ በሩን እንዳገኙት ይተውት» አለው።

ማሳው ውስጥ ገባን። ሁሉም ነገር አማረ ብዬ አልዋሽሽም። መሣሪያዋ ለግራ እጁ ትከብደዋለች፤ ጥቂት ይሄድና ይዘነው በሄድነው ታጣፊ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሱ ይጠቁማል፣ እኔ እቆፍራለሁ። እስካሁን ያገኘነው የእርሳስ ቁራጭና አንድ የቀበቶ ዘለበት ነው። በመጪው ሳምንት ትራክተሩ ይገባል፤ ከዚያ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ወደ ወንበሩ ተመልሶ እንዳይቀርብኝ እፈራለሁ። ከዚህ የበለጠ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ከማርች ጀምሮ ሻይ ወይስ ቡና ሲሉት የምመልሰው እኔ ነኝ። ሐኪሙ የት ጋ ያምሃል ሲለው የምናገረው እኔ ነኝ። የተከራከርኩለት፣ ያዘንኩለት መስሎኝ፣ የቀረችውን አፉን በእጄ ስከድን ከርሜያለሁ። በልጅነቴ መናገር ያቃተኝ እኔ፣ በእርጅናዬ ዝም ማለት አቃተኝ። ያንን ያሳየኝ የሰደብኩት ልጅ ነው።

ለሮይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ውሻውን ይታገሠው በይው። ለሊንዚና ለባሏ፣ ለመንታዎቹም ከአያታቸው እህት ብዙ መሳም ስጪልኝ። ያቺ በጎን በኩል ያለችው ጎረቤትሽ ወይዘሮ ፓታራም ከሕመሟ ተነስታ ከሆነ እንኳን ለዚህ አበቃሽ በያት። ክሊፎርድም ሰላም ብሎሻል፤ «ለቤሪል ምን ልበላት?» ብዬ ጠይቄው፣ ጠብቄው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎልኛል።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እሑድ ስትደውዪ «እሱስ እንዴት ነው?» ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ። ስልኩን ለእሱ እሰጠዋለሁ። እንዴት ነህ በይውና ጠብቂ። ምንም ባይሰማሽ መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው፤ የምትሰሚው ትንፋሽ እሱ ነው፣ እየመለሰልሽ ነው። እኔ ወጥቼ ጓሮ እቆማለሁ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ሄዝል

ሆልቢ መንደር፣ ኖርፎክ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 2018