የአንጓች አበል

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ሱቁን ዘግይቼ ከፈትኩ። ንፋሱ የመናኸሪያውን አቧራ ጠርጎ እኔ ደጅ ያራግፈዋል። ስኳር አልቋል። ሳሙና አለ፣ የሚገዛ የለም። ረፋዱ ላይ ዘግቼ ጡረታ ጽ/ቤት ሄድኩ።

ባሌ አስር አለቃ አዲሱ ከሞተ ዘጠኝ ወሩ። የውትድርና ወረቀቱ ጠፍቷል፤ ጡረታውን ሳያስከብር ነው የሄደው። አሁን በምስክር ይሁን ተባልኩ። ካምፕ ውስጥ አብረውት የኖሩ ሁለት ሰዎች። ከሩቅ ለሚመጡ ምስክሮች የመኪናና የውሎ አበል ይከፈላቸዋል። እኔ የደባርቅ ነዋሪ ስለሆንኩ አይመለከተኝም። ይሁን።

አንዱ ጋሽ መልኬ ናቸው፣ ቡይት ራስ ያሉት፣ አብረውት የዘመቱ። ሁለተኛ ማን አለ ብዬ ደወልኩላቸው። ሌሎቹ ሞተዋል፣ ተበትነዋል አሉኝ። እንደማፈር ብለው፣ አንጓች አለች አሉ። ዳባት ናት። የካምፑ ወጥ ቤት ተቀጣሪ ነበረች።

አንጓች። ማስታወሻዬ፣ ይህን ስም ጽፌልሽ አላውቅም። አዲሱ ታሞ በትኩሳት ሲቃዥ ይጠራው ነበር። ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ገብቶኛል። ሰባት ዓመት ካምፕ ሲኖር እኔ ያገኘሁት በፈቃድ የመጣባቸውን ሳምንታት ነው። የቀረውን እሷ ወሰደችው።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ጋሽ መልኬ ረፋድ ላይ በበቅሏቸው ደረሱ። ዶሮ ሠርቼ ጠበቅኳቸው። ሽማግሌ ሰው፣ ያውም ለባሌ ብለው ከዚያ ብርድ ወርደው፣ ጾማቸውን ይመለሱ? በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁኝ። ከሰዓት በኋላ ጽ/ቤት ገባን። ቃላቸውን አሳምረው ሰጡ።

ከዚያ ጸሐፊው ልጅ ለአበሉ ብሎ ምሳ የት እንደበሉ ጠየቃቸው። ጋሽ መልኬ እኔን ማክበራቸው ነው፣ የሻረግ ቤት ዶሮ ተሠርቶልኝ፣ እንቁላሉ እንዲህ ሆኖ፣ ጠላው እንዲያ ሆኖ እያሉ ሙያዬን ዘረዘሩለት። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ባለጉዳይ ምስክር አይቀልብም፤ የውሎ አበል የሚከፈለው ለዚሁ ነው አለኝ። አበላቸው ተሰረዘ። ቃላቸውም አብሮ እንዳይሰረዝ ስንቴ ለመንኩ! ለበቅሎዋም ደረሰኝ ተጠየቁ። የራሴ በቅሎ ናት፣ እሷ ናት የምትፈርምልኝ? ብለው እየሳቁ ወጡ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ልጁ አንድ ሌላ ነገር አስጠነቀቀኝ። ሌላ ሴት መጥታ እኔም ሚስቱ ነበርኩ ካለች ፋይሉ ይቆማል፤ ነገሩ ፍ/ቤት ይሄዳል። ያኔ ጡረታው ቀረ ማለት ነው። ሱቁ እንደሆነ የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ደወልኩላት። ስልኩን ሦስቴ አንስቼ ሦስቴ አስቀምጬ ነው። ድምጿ የወጣት ነው። ያ ብቻ ቀኔን አበላሸው። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደፈለግኳት ነገርኳት። አፈሩን ገለባ ያድርግለት አለችኝ። የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ አለች፤ አላቅማማችም።

እምቢ ብትል ጡረታው ይቀርብኛል። እሺ ስትል ደግሞ ቆሽቴ አረረ። ምን አስቸኮላት?

ኅዳር 9፣ እሑድ

ቤ/ክ ቆሜ ልቤ ዳባት ነው የዋለው። ጸሎት የለ፣ ምን የለ።

አስቢው እስቲ። እሷ ባሌን ስላወቀችው ትከፈላለች። የመኪናዋን፣ የምሳዋን፣ ካመሸችም የማደሪያዋን። እኔ ያገባሁት፣ ያስታመምኩት፣ የቀበርኩት፣ ባዶ እጄን። መስታወት አየሁ። የፊት ጥርሴ ወልቋል። ሹሩባ ልሠራ እንዴ ብዬ አሰብኩ። ባሏ የሞተባት ሴት ሹሩባ! ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥዬ አለቀስኩ።

ደስ የሚለኝ አንድ ነገር ደንቡ ነው። ምስክር አይቀለብም። ቤቴ አላስገባትም፣ አላጎርሳትም፣ ጎረቤትም አይታዘበኝም። ውሃ እንኳ የለም። ልጁን ተቆጥቼው ነበር፤ አሁን ይባረክ እላለሁ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ፣ ማታ

መጣች።

ወጣት አይደለችም። ድምጿ ነው እንጂ እንደኔው አርጅታለች፤ ከመኪና ስትወርድ ጉልበቷን ይዛ ነው። ጥቁር ለብሳለች። ጥቁር! በማን ሐዘን? ማን አካፈላት? ሰላም ስትለኝ በጫፍ ጫፉ መለስኩ። ሱቁን አየች፣ መቀመጫውን ዱካ አየች። ተቀመጪ አላልኳትም። ደንብ ነው አልኩ፣ ሳትጠይቀኝ።

ጽ/ቤት ገባን። የሻምበሉን ስም፣ የዘመተበትን ግንባር፣ የቆሰለበትን ክረምት ሳትደናቀፍ ተናገረች። ግራ ትከሻው ነው አለች። ያን ትከሻ ብርድ በገባ ቁጥር በቅቤ የማሸው እኔ ነበርኩ። ስትናገር ግን እጇ ሳይታወቃት ወደ ራሷ ትከሻ ሄደ። ተነስቼ እጇን ወደ ታች ላወርደው ምንም አልቀረኝ።

ልጁ ጥቁር ልብሷን አየ። ከሟች ጋር ያለሽ ዝምድና ምንድን ነው አላት። ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁት ይህን ነው። ሚስቱ ነበርኩ ካለች አለቀልኝ።

«ዝምድና የለኝም» አለች። «ወጥ ሠሪ ነበርሁ፤ ለሁሉም ነው የሠራሁት።»

ዝምድናም ጥቅምም የለኝም በሚለው ሥር አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። አበሏን ተቀበለች፤ ሳትቆጥረው መሀረቧ ውስጥ ቋጠረችው።

ደጅ ስንወጣ ቆም አለች።

«እታለም፣ ሲሞት ተጨነቀ?»

አልተጨነቀም አልኳት። ዋሸሁ። ብዙ ተጨንቋል። ስሟን መጥራቱንም አልነገርኳትም። እሱን አልሰጣትም ብዬ ነው። ተመስገን አለችና ወደ መኪናው ሄደች። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አየኋት። እጄን አላነሳሁም።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ልጁ ደወለ። ሁለቱም ቃል ተቀባይነት አግኝቷል፤ ጡረታው ይጸናል። ጎረቤት እልል አለልኝ። እኔ ጤፍ ስለቅም ዋልኩ።

እኔ በእሷ ቦታ ብሆን? ሚስቱ ነኝ እል ነበር። እከስ ነበር፣ እጮህ ነበር፣ ደባርቅን አንቀጠቅጣት ነበር። እሷ ዝምድና የለኝም ብላ፣ የመኪናዋንና የምሳዋን ይዛ ሄደች። ለኔ ብላ አይደለም፤ የት ታውቀኛለች? ለእሱ ብላ ነው። የሞተ ሰው ቤት እንዳይታመስ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ሚስትነቱ የኔ እንደሆነ መንግሥት በማኅተም አጸናልኝ። መውደዱን ግን... ተይው።

ደንቡ ደግሞ ቃል እስክትሰጥ ድረስ ነው። ከሰጠች በኋላ ግቢ፣ እህል ቅመሺ ብላት ማን ይከለክለኝ ነበር? አሁን ገና ትዝ አለኝ። ውሸት። ያኔም ትዝ ብሎኛል።

ኅዳር 16፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጾሙ ትናንት ገባ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስለ ሙት ዓመቱ ቄሱን አነጋገርኳቸው። ከአዲሱ ወገን ማን ማን ይጠራል አሉኝ። ወንድሙን አልኩ፣ አክስቱን አልኩ። ሌላ አሉኝ። አፌ ላይ መጣች፤ መለስኳት።

ቤት ገብቼ ምሳዬን አቅርቤ ሳልነካው ከደንኩት።

ወሰንኩ። ነገ ሱቁን አልከፍትም። በመጀመሪያው መኪና ዳባት እወርዳለሁ። የኔን መሳፈሪያ የሚከፍል የለም፤ ከኪሴ። እታረቃለሁ ብዬ እንዳይመስልሽ። አሁንም እቀናባታለሁ። ሙት ዓመቱን እነግራታለሁ፤ መምጣት መቅረቷ የራሷ ነው። የምሄድበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሰባቱ ዓመት እሷ ጋ ነው ያለው። ማታ ማታ ምን ያወራ እንደነበር። ሲቆስል ምን እንዳለ። ምን ያስቀው እንደነበር፤ እዚህ እንደሆነ ሳቁ ጥቂት ነበር። እሷ ከሞተች ያን ዘመን የሚነግረኝ አይኖርም፤ ጋሽ መልኬ እንደሆኑ የሚያወሩት ጦርነት ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ እላታለሁ። አንዱንም ሳትደብቂ። ሁሉንም ሰምቼ ስጨርስ ደግሞ፣ ስለኔ አንስቶ ያውቅ እንደሆነ እጠይቃታለሁ። አንስቶ አያውቅም ካለችኝ ግን፣ በትኩሳቱ ስሟን መጥራቱን እኔም አልነግራትም።