የሞተው ሰውዬ መዶሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1971

የልጄ የሐሊማ ባል የሥራ ዕቃዬን ሰርቆ ሸጠ። ብረት የምቀጠቅጥበትን መስፍ፣ መዶሻዎቹን፣ ጉጠቶቹን፣ መሮዎቹን፣ ሞረዶቹን። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሰቃ ከተማ እህቴ ቤት በወባ ተኝቼ ሳለሁ የሥራ ቤቴን ቁልፍ የሰጠሁት ለእሱ ነው። ዛሬ ተነሥቼ ስመጣ በሩ በደንብ ተቆልፏል፤ ውስጡ ግን ተጠርጓል። መስፉ ተተክሎበት የነበረው ጉቶ ላይ የሰው ዶሮ ተኝታለች። ወናፉን ትቶልኛል። ቆዳ በኪሎ የሚገዛ የለማ።

ያየው ጎረቤቴ መካኒኩ ታደሰ ነው። "አባ ጀማል፣ ጋሪ አምጥቶ ሲጭን እርስዎ የላኩት መስሎኝ እኮ መስፉን ራሴ አሸክሜዋለሁ" አለኝ። ፊቱ ቀላ። መስፉ ከአዲስ አበባ በመጣ ብረት ሰብሳቢ ካሚዮን ሄዷል። ብረት ሆኖ ሄዶ ብረት ሆኖ ይቀልጣል።

"ለማንም እንዳትናገር" አልኩት።

"ለምን?"

"ስላልኩህ።"

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ቤቱ የቀበሌ ነው። "አባት፣ እሳት የማይነድበት ቤት ባዶ ቤት ነው" አለኝ። "አናጢዎቹ ማኅበር አቋቁመው ቦታ አጥተዋል። እስከ ቅዳሜ ሥራ ካልጀመሩ ለእነሱ እሰጣለሁ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወይም የሌባውን ስም ይንገሩኝ። አብዮት ጥበቃ ዛሬውኑ አንጠልጥሎ ያመጣዋል፤ ነገሩ እስኪጣራም ቤቱ ይቆይልዎታል።"

አንጠልጥለው ከወሰዱት ሰው ውስጥ ስንቱ በእግሩ እንደተመለሰ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሐሊማ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ባሏ የሠራውን አታውቅም።

"ጉዳዬ ከሌባ ጋር አይደለም፤ ከብረት ጋር ነው። ቅዳሜ ይምጡ" አልኩት።

"ግትር ነዎት።"

"ይባላል።"

የሚያስፈልገኝ፦ መስፍ። ከባድ መዶሻ። ጉጠት። መሮ። ሞረድ፣ አንድ እንኳ ቢሆን። ለቢላዋ የሚሆን የመኪና ባሌስትራ። አረፋ ደርሷል፤ ከተማው ሁሉ ማረጃ ቢላዋ ይፈልጋል። ይህ ሳምንት ካመለጠኝ ሥራውም ይሄዳል፣ ቤቱም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በዚህ ዕድሜዬ የምጦረው ማን ቤት ነው? ሐሊማ ቤት። የእሱን እንጀራ እየበላሁ። ወባው ቢጨርሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አልጨረሰኝም። አልሐምዱሊላህ። ይኼም ይጻፍ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

ወባው ገና አለቀቀኝም። ቢሆንም አጋሮ ሄድኩ። አንድ የቡና መፈልፈያ ጓሮ አሮጌ ማሽን ወድቋል ብለውኝ ነው።

ስወጣ ታደሰ ከመኪና ሥር ሆኖ "ጊዛ እንዳይሆን ይጠንቀቁ! ቀልጦ የተፈሰሰ ብረት መዶሻ አይችልም" ብሎ ጮኸ። ብረት ሊያስተምረኝ! እኔ ይህን ሥራ በጣሊያን ጊዜ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ የተማርኩ ሰው ነኝ። ቱምቶቹ፣ በዘር ቀጥቃጭ የሆኑት፣ ከዘራቸው ውጭ ለማንም አያሳዩም ነበር። ጣሊያኑም ጥቁር ሲጠጋው ያባርር ነበር። ቀዳዳው ግን አላባረረኝም። ስለዚህ የታደሰን ምክር ትቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

የመፈልፈያው ዘበኛ አባ ዲጋ የሚባል የእኔ እኩያ ነው። ሣር የዋጠው ማሽን ውስጥ ክብ፣ ወፍራም፣ ላዩ ለጥ ያለ የብረት እምብርት አገኘሁ። ስመታው ጮኸ። መስፍ ይሆነኛል ብዬ ወደድኩት።

"ውሰደው" አለኝ አባ ዲጋ። "እባብ ነው የሚያድርበት።"

"በነፃ አልወስድም።"

"ኤዬ፣ እንግዲያው እባቡን ተውልኝ።"

ብቻውን ሳቀ። የግቢውን በር ማጠፊያ በድንጋይ ቀጥቅጬ አስተካከልኩለትና ወሰድኩ። ሁለት የጉልበት ሠራተኞች እስከ አውቶቡሱ ተሸከሙልኝ፤ አላውቃቸውም፣ ስማቸውንም አልነገሩኝም። አላህ ይስጣቸው።

ኬላው ላይ ፈታሹ የተደበቀ ቡና መስሎት ጆንያዬን በመውጊያው ወጋው። መውጊያው ተቆልምሞ ቀረ።

"ማሎ አባ፣ ምንድን ነው የያዙት?"

"ብረት ነው ብዬህ ነበር።"

"ሁሉም ብረት ነው ይላል፤ ሲወጋ ቡና ይፈሳል!"

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀበት። ልጁ አለቃው ምን እንደሚለው ሲያስብ ላብ አጠመቀው። ወርጄ መውጊያውን በድንጋይ አቃናሁለት። "ገለቶሚ አባ፣ ገለቶሚ" እያለ አመስግኖ ለሾፌሩ ነግሮ የፊት ወንበር አስለቀቀልኝ። ጅማ እስክገባ ወገቤን ሳያመኝ መጣሁ። ጥሩ ቀን ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

እምብርቱን ጉቶው ላይ ተከልኩ። ታደሰ መዶሻውን አዋሰኝ፤ የመካኒክ መዶሻ ነው፣ ቀላል። ቢስሚላህ ብዬ መታሁ። አንዴ። እንደ ሸክላ ለሁለት ተከፈለ።

ታደሰ ድምፁን ሰምቶ መጣ። አየ። ስባሪዎቹን አንሥቶ ጥግ አስያዘልኝ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ጊዛ ነው። ታደሰ ልክ ነበር። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ለእሱ ግን አልነግረውም።

የቀረውን ቀን ወናፉን ስጠግን ዋልኩ። አይጥ አንዱን ጥግ በልቶታል። ከአሮጌ ጫማዬ ቆዳ ቆርጬ ሰፋሁት። አሁን ይተነፍሳል። ማታ ትኩሳቱ ትንሽ መለስ አለብኝ። ሁለት ቀን አለፈ፤ በእጄ ያለው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23

ሂርማታ ገበያ። አሮጌ ዕቃ ተራ ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። ዝገት፣ ዝገት፣ አሁንም ዝገት። መጨረሻ ላይ ብርቄ የሚሏት ጋ ደረስኩ። ከሰሜን የመጣች ሴት ናት፤ ጆንያ ዘርግታ አሮጌ መጥረቢያ፣ ማጭድ፣ ጓጉንቸር ትሸጣለች። አዲስ ናት፤ አታውቀኝም።

ጆንያው ላይ መዶሻዬ ተጋድሟል።

እጀታውን ራሴ የጠረብኩት ነው። አውራ ጣቴ በዘመናት የቆፈረው ጎድጓዳ አለበት።

"ይኼ ከየት መጣ?" አልኳት።

"የሞተ ሰውዬ ነው አባቴ። ሽማግሌ ቀጥቃጭ ነበር አሉ። ወባ ገደለው። ዘመዱ ነው ያመጣልኝ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ።"

እንባ አቅርሮ!

"ነፍስ ይማር" አለች።

"አሚን" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

የእኔ ነው ብዬ ብጮህ ገበያው ይሰበሰባል፤ ጥበቃ ይመጣል፤ ማን ሸጠልሽ ብለው እሷን ይይዛሉ፤ እሷም ትናገራለች። ሳይመሽ ሐሊማ በር ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ዋጋ ለማስቀነስ የገዛ መዶሻዬን መስደብ ጀመርኩ። ፊቱ አዘንብሏል አልኩ። እጀታው አርጅቷል አልኩ።

"ኧረ አይሳደቡ፣ የሙት ዕቃ ነው!" አለችኝ። "ሟቹ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር ይላሉ። ጠባዩ ነው እንጂ ክፉ።"

"ማነው ያለው?"

"ዘመዱ ነዋ።"

ገንዘቤን መድኃኒት በልቶታል። "መጥረቢያና ማጭድሽን ሁሉ ስዬ እሰጥሻለሁ፤ አሁን ያለው ዝገት ነው፣ ማንም አይገዛሽም" አልኳት። ተናደደች። ከዚያ አሰበችበት። "እስቲ ይያዙት፣ ይሆንዎት እንደሆነ" አለችኝ።

ያዝኩት። አውራ ጣቴ ሳላዘው ጎድጓዳው ውስጥ ገባ።

ብርቄ እጄን አየች። ከዚያ ፊቴን አየች፤ ወባ ያመነመነውን። ቀጥላ ከኋላዋ ካለው ጆንያ ሁለት ጉጠትና አንድ መሮ አወጣች። የእኔ ናቸው።

"እነዚህም የሟቹ ናቸው" አለች፣ ቀስ ብላ። "አብረው ይሂዱ። ማለያየት ነውር ነው።"

"ዋጋቸውስ?"

"መጥረቢያዎቼ ሲሳሉ እናያለን። ቅዳሜ አመጣለሁ። ቤትዎ የት ነው?"

ነገርኳት። ሌላ አልጠየቀችም። በዕድሜዬ ብዙ ነጋዴ አውቃለሁ፤ አይቶ ዝም የሚል ግን አሁን ገና አየሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24

መዶሻ አለ። ጉጠት አለ። መሮ አለ። መስፍ የለም። ነገ ቅዳሜ ነው።

ከጁምዓ ስመለስ ታደሰ በሬ ላይ ቆሟል። ከእግሩ ሥር የአሮጌ ካሚዮን የኋላ ጎማ ዘንግ ወድቋል፤ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው መኪና ያወጣው ነው። አንዱ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ጠፍጥፎ የተዘረጋ ነው። አጠገቡ የተሰበረ ባሌስትራ አለ።

"ዘንጉን ቁሙን ቅበሩት፤ ጠፍጣፋው ወደ ላይ" አለኝ። "ይኼ ጊዛ አይደለም።"

ጎንበስ ብዬ መታሁት። እንደ ደወል ዘመረ። የታደሰን ሞረድ አስያዝኩት፤ ሞረዱ ተንሸራተተ። ጠንካራ ነው።

"ምን ልሥራልህ?" አልኩት።

"ምንም።"

"በነፃ አልወስድም። ታውቀኛለህ።"

"አባ ጀማል፣ መስፉን በገዛ ትከሻዬ ጋሪው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ከነገርኩዎ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ካልወሰዱት እዚሁ በርዎ ላይ ተጋድሞ ይዝጋል፤ እኔም አጠገቡ።"

ብዙ ተከራከርኩ። ከርዳዳ ጸጉሩን እያከከ ይሰማኛል፣ ንቅንቅ አይልም። እንደ እኔ ያለ ግትር አላየሁም ነበር። በመጨረሻ የሰው እንቅልፍ መከልከል ኃጢአት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ከሰው እጅ በነፃ ስወስድ የመጀመሪያዬ ነው። የሚያቃጥል መስሎኝ ነበር። አያቃጥልም።

ሁለታችን ጉድጓድ ቆፍረን ዘንጉን ቀበርነው። አፈሩን በድንጋይ ጠቀጠቅነው። ታደሰ ስለ ጊዛው አንድ ቃል አላነሳም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

እሳት ነደደ። አልሐምዱሊላህ።

ከማለዳ ጀምሮ ሰው ቢላዋ ይዞ መጣ። ከጊንጆ ጉዱሩ፣ ከሰቶ ሰመሮ፣ አንዱማ ከማና በእግሩ። "ሞቷል ተብሎ አልነበር?" ሲባባሉ ሰማሁ። ባሌስትራውን አግዬ የመጀመሪያውን ቢላዋ ስቀጠቅጥ ዘንጉ አልተነቃነቀም። መዶሻው መልሶ ያነሣኛል እንጂ እኔ አላነሣውም።

ብርቄ መጥረቢያዎቿን በጆንያ አሸክማ መጣች። እኔን አየችና "አባቴ፣ ለሞተ ሰው ብዙ ያልብዎታል" አለችኝ።

ለካ ሊቀመንበሩ ከኋላዋ ቆሟል። ሁለት አናጢዎች አስከትሏል።

"የምን ሙት ነው?" አላት።

የሸጠላትን ሰው መልክ ታውቀዋለች። አንድ ቃል ይበቃል።

"የገበያ ቀልድ ነው ጓድ" አለች። "ሽማግሌው ወባ ይዟቸው ስለነበር ሞቱ እያልን እናስቃቸዋለን።"

ሊቀመንበሩ እሳቱን አየ። ዘንጉን በእግሩ ነካ። ቢላዋ የያዘውን ሰልፍ አየ። "ዕቃው ከየት መጣ?"

"አሮጌ ዕቃ ተራ ገዛሁ። ዘንጉን ጎረቤት ሰጠኝ።"

"ሌባውስ?"

"ቅዳሜ ይምጡ ያልኩት ለእሳቱ ነው። እሳቱ ይኸው።"

አንዱ አናጢ ያን ጊዜ "ጓድ፣ እዚህማ ብንገባ የእኛን መጥረቢያ ማን ይስልልናል?" አለ። ሰልፈኛው ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳይወድ ፈገግ አለ። "ይቀጥሉ አባት" ብሎ ሄደ። ቤቱ ተረፈልኝ።

ለብርቄ ያለችውን ሁሉ ሳልኩላት። ስትሄድ ላመሰግናት ፈለግሁ፤ አፌ ግን ለዚህ አልተሠራም። "መጥረቢያሽ ሲደነዝ መልሰሽ አምጪው" አልኳት። ገባት መሰለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 26

ሐሊማ ልጆቿን ይዛ መጣች። ባሏም መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም። ዐይኑ መዶሻው ላይ ሲያርፍ አየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አባ፣ ዕቃዎን ዘረፉዎት አሉ፤ ማን ነው?" አለችኝ ሐሊማ። "እሱም እኮ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል፤ ስለ እርስዎ ሲያስብ ነው የሚያድረው።"

"ግባ፤ ወናፉን ያዝ" አልኩት።

ገባና ያዘ። ሐሊማ ልጆቹን ልታይ ወጣ ስትል "አባ፣ እኔ ያን ጊዜ..." ብሎ ጀመረ።

"እሳቱ እየሞተ ነው። ንፋ።"

ነፋ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ነፋ። ከተረፈው ባሌስትራ ለሐሊማ የአረፋ ቢላዋ ሠራሁ። ሐሊማ ስትመለስ ቢላዋውን ጥፍሯ ላይ ሞክራ እንደ ልጅነቷ ሳቀች። "ለአረፋ ቤታችን ነዎት አይደል?" አለችኝ።

"እመጣለሁ" አልኩ።

ይቅር ብዬው አይደለም። ልዋሽ አልችልም፤ ሲነፋ ጀርባውን እያየሁ ደሜ ሲፈላ ነው የቆየሁት። ያ የእሱና የአላህ ጉዳይ ነው፤ እኔም ከአላህ ጋር እነጋገርበታለሁ። ግን ልጄ ዛሬ ሌባው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ለአረፋም ትጠይቀኛለች። ታደሰ አውቆ ዝም ብሏል። ብርቄ አውቃ ዝም ብላለች፤ እሷ ዘመዴ እንኳ አይደለችም። እኔ ከእነሱ አላንስም።

ሰኞ ዕለት አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ጻፍኩት። በቃ። ከዛሬ ጀምሮ ለሐሊማም፣ ለሊቀመንበሩም፣ ለእሱም፣ ለራሴም ቢሆን አላነሳውም።