ባቡሩ ሲገባ የምትደበቀው ልጅሽ

እታለሜ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ከየት እንደምጀምርልሽ አላውቅም፤ ምናልባት ስጽፈው ይጠራልኝ ይሆናል።

አንቺን ቀብረን ልጅሽን ላሳድግ ከሐረር መጥቼ እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ቤትሽ ተቀመጥሁ። ቧንቧ ግቢሽ ገብቷል። ሰናይት ሰባት ዓመት ሞላት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ባልሽ ጋሽ ታደሰ እንደ ድሮው ባቡር ላይ ነው፤ ጅቡቲ ወርዶ ይመለሳል። ፎቶግራፍሽ ፊት ቆሞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ከኤረር ብርቱካን ሳይዝ ገብቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ የሚቀጥለው ስለሚከብደኝ ነው።

የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ የሰፈሩ ልጆች አባቶቻቸውን ሊቀበሉ ይሮጣሉ። ሰናይት ግን አልጋ ሥር ትገባ ነበር። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን አልጋዋን የምታረጥበው እሱ ቤት ሲያድር ብቻ እንደሆነ አስተዋልሁ። እሱ ባለበት እህል አልወርድ ይላታል፤ እሱ ሲሄድ ስትዘል ትውላለች። ክንዷ በልዞ ሳይ “ወደቅሁ” ትለኛለች። ጎረቤቱ እናቷ ናፍቃት ነው አለ። ዓይን ነው ሲሉኝ ጠበል ወሰድኋት። እዚያም ልብሴን አላወልቅም ብላ ስትጮህ፣ ቄሱም እኔም ክፉ መንፈስ መሰለን።

የገባት ከመጋላ ሰፈር ወተት የምታመጣልን አዴ ፋጡማ ናት። አንድ ጠዋት ሰናይት ስታጎነብስ የቀሚሷ ጀርባ ገለጥ አለ። አዴ ፋጡማ ወተቱን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። “አንቺ ልጅ፣ መውደቅ እንዲህ መስመር አይሠራም። ይሄ ቀበቶ ነው” አለችኝ።

ሰናይትን አቅፌ ጠየቅኋት። “ለአባባ እንዳትነግሪው” አለች።

ሲመጣ ጠየቅሁት። አልካደም። “እኔም እንዲህ ነው ያደግሁት። እናት የሌላት ልጅ ካልተቀጣች ትበላሻለች” አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ያ ነው ግራ ያጋባኝ። ሽማግሌ ጠራሁበት። አለቀሰ፤ ሁለተኛ ብነካት ጃንሆይ ይሙት ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞረው፣ አባት ልጁን ይቀጣል፣ እናት በሞተችበት ቤት ጠብ አትዝሪ ብለውኝ ሄዱ። ያለቀሰውን ሰው ላምን ፈለግሁ፤ አልቻልሁም። በማግሥቱ ልጅሽን ይዤ ወጣሁ።

አሁን መጋላ፣ አዴ ፋጡማ ግቢ አንዲት ክፍል አለችን፤ ልብስ እየሰፋሁ እንኖራለን። ጋሽ ታደሰ እሑድ እሑድ ይመጣል፤ እሱ እስኪሄድ አዴ ፋጡማ ከደጃፉ አትነሣም። የሰናይት አልጋ ደረቅ ነው። ባለፈው እሑድ ከሸኘነው በኋላ ግን “አባባ ብቻውን ምን ይበላል?” ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል። አንድ ግንቦት ልጠይቅሽ የመጣሁ ጊዜ፣ ድሬ በሙቀት ስትነድ፣ እጅጌው እስከ አንጓሽ የሚደርስ ቀሚስ ለብሰሽ ተቀበልሽኝ። ወባው ያበርደኛል አልሽ። ክንድሽን ስይዘው ሰበሰብሽው፤ እኔም የሐረርን ወሬ ቀጠልሁ።

ወባ ነበር፣ እታለሜ?

ሰናይት አድጋ ስለ አንቺ ስትጠይቀኝ ሳቅሽን እነግራታለሁ። ያንን ቀሚስም እነግራታለሁ፤ አልረሳውም።

ታናሽሽ አስካለ