የደጃችን ሦስት ደረጃዎች

ባልቲሞር፣ እሑድ ጁን 15 ቀን 2025

ይድረስ ለውድ ልጄ ለኮሪን፤

አሸንፈናል። ሌላውን ሁሉ ከዚህ በኋላ አንብቢው። ሠርግሽ ኦክቶበር ላይ እዚሁ ባልቲሞር ይሆናል። እናትሽ በወረደችበት ደረጃ፣ ከገዛ ደጅሽ ትወርጃለሽ። ይህን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም። የእጮኛሽ የዌድ እናት ጁዲት በራሷ አፍ፣ ባሏ እየሰማ፣ እጇ እስከ ክርኗ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ የተናገረችው ነው። አረፋው ከየት እንደመጣ እደርስበታለሁ። በቅደም ተከተል ካልነገርኩሽ አታምኚኝም።

ዮኮሱካ፣ ባሕር ማዶ ወዳለው ሆስፒታልሽ ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን በስልክ ትስቂብኛለሽ፤ ስትስቂብኝ ደግሞ ዝርዝሩ ይጠፋብኛል።

«አባዬ፣ በፈጠረህ፣ አንድ ቀን ብቻ አትቆጣ» ብለሽኝ ነበር። ተቆጥቻለሁ። አራት ጊዜ ይሆናል። ሁለቱ ግን ተገቢ ነበሩ።

ነገሩን የጀመረችው ጁዲት መሆኗን እንዳትረሺ። ኤፕሪል ላይ ደውላ «ዴልማር፣ ከተማህን በቴሌቪዥን አይተነዋል። እንግዶቻችንን እዚያ ማምጣት ይከብደናል። እኛ ዘንድ ቴክሳስ ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ፣ ለድግስ ያሰናዳነው ትልቅ ጎተራ አለን» ስትለኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም። ልጄን ጎተራ ውስጥ ልድር! የታገስኩት ስለ አንቺ ነው። «አንድ ቅዳሜ ኑና ከተማውን ላሳያችሁ። ካልወደዳችሁት ጎተራችሁ ውስጥ ይሁን፤ አንድ ቃል አልተነፍስም» አልኳት። ተስማማች። አንቺም «ካልወደዱት ምን አደርጋለሁ?» ብለሽ ማልቀስሽን ከዌድ ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን አልነገርሽኝም።

መኪና ተከራይላቸው፣ ወደብ ዳር ያለው ምግብ ቤት ውሰዳቸው ብለሽ የላክሽው ገንዘብ እንዳለ ተቀምጧል። ለጫማሽ ይሁን። የራሴን መኪና ሸጬዋለሁ፤ እዚህ አገር መኪና ማቆሚያ መፈለግ ዕድሜ ይበላል። ደግሞ ከተማን በገንዘብ የሚያሳይ ሰው የሚያሳየው ገንዘቡን ነው። ባልቲሞር በእግር የሚታይ ከተማ ነው፤ ያየሁትም የተማርኩትም በእግሬ ነው።

ስለዚህ ዕቅድ አወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሕንፃ ሲመረምር የኖረ ሰው ያለ ዕቅድ ከቤት አይወጣም። ኮረብታው በነፃ፣ ሙዚየሙ በነፃ፣ ከተማውን የሚያቋርጠው አውቶቡስም በነፃ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ማቆሚያው ላይ ቆሜ የአውቶቡሱን መምጫ መዘገብኩ። በየአሥራ ሁለት ደቂቃው ይመጣል። አንድ ቀን ብቻ በአሥራ አምስት መጣ፤ እሱንም ጻፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ካረፉበት ሆቴል በር ላይ ጠበቅኳቸው። የዌድ አባት ሀርላን በር የሚሞላ ሰውዬ ነው። ባርኔጣ አድርጎ፣ የከብት ጠባቂ ቦት ጫማ ተጫምቶ ወጣ።

«መኪናህ የታለች?» አለኝ።

«ያንተ እዚያ ቦት ጫማ ውስጥ ናት።»

«ሰማሽ ጁዲት? ሰውየው እንደ ከብት ሊነዳን ነው።»

«ከብቶችህ ታሪክ አይሰሙም» አልኩት።

«ውሃ ግን ይጠጣሉ።»

ወደብ ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ አወጣኋቸው። ውሃው፣ መርከቦቹ፣ የጡብ ቤቶቹ ጣሪያ ሁሉ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ጁዲት ፎቶ ማንሳት ጀመረች፤ ከዚያም ማንሳቱን ተወችና ዝም ብላ አየች። ይህን መዘገብኩ። ቀጥሎ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐውልት ዘንድ ሄድን። እዚያ አንድ አስጎብኚ ለሃያ ሰዎች «ይህ በአገሪቱ ዋና ከተማ ያለው ሐውልት ቅጂ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ቅጂ! የኛ ተሠርቶ ሲያልቅ የእነሱ መሠረቱ እንኳ አልተጣለም! ሄጄ ነገርኩት። ትንሽ ጮክ ብዬ ነው የነገርኩት። ከሃያዎቹ ሰዎች ስምንቱ ከዚያ በኋላ እኔን ተከተሉ፤ ጥያቄም ጠየቁኝ።

«ይህን ሥራህ ለምን አታደርገውም?» አለ ሀርላን።

እንዳልሰማ ሆንኩ።

ስህተት የሠራሁት ቀጥሎ ነው። «እስከ ሐውልቱ ጫፍ ሁለት መቶ ሃያ ሰባት ደረጃ ነው፤ አንተ ታች ብትጠብቀን ይሻላል» አልኩት። ለቴክሳስ ሰው እንዲህ አይባልም። ሁላችንንም ቀድሞ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ሲወርድ ግን ጉልበቱ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር።

ምሳ ገበያው ውስጥ ቆመን በላን። የተጠበሰ ዓሣ በነጭ ዳቦ፣ ያንን ቀይ ቅመም በላዩ። ጁዲት ጣቷን ላሰች። ባሏ ሁለተኛ አዘዘ። እዚህ ላይ አሸንፌያለሁ ብዬ ደመደምኩ፤ የቀረን በአውቶቡስ ወደ ድሮው የመርከበኞች ሰፈር ወርደን ውሃው ዳር መቀመጥ ብቻ ነበር።

አውቶቡሱ አልመጣም። አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ሃያ አራት ደቂቃ፣ አርባ። በአጠገባችን የምታልፍ ሴት ዕቃዋን እንደተሸከመች ቆመች።

«የኔ ማር፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«አውቶቡስ ነዋ።»

«ዛሬ እኮ መንገዱ ለሩጫ ተዘግቷል። ወር ሙሉ ተለጥፎ የለ እንዴ?» ብላ በአገጯ ከጭንቅላቴ በላይ አሳየችኝ።

ኮሪን፣ ማስታወቂያው ሦስት ሳምንት የተደገፍኩት ምሰሶ ላይ ነበር። በትልቅ ፊደል። ቅዳሜ ይላል። የሰው ግድግዳ ስንጥቅ ከመንገድ ማዶ የማየው እኔ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ሰዓት ስቆጥር ከርሜያለሁ። ራሴን በዚያች ሰዓት የተናገርኩትን እዚህ አልጽፍም።

ሀርላን ባርኔጣውን አወለቀ። «ቆይ፣ ሦስት ሳምንት እዚህ ቆመህ ሰዓት ያዝክ?»

«አዎ።»

«ከሰኞ እስከ ዓርብ?»

«አዎ አልኩህ።»

«ጠዋት አራት ሰዓት፣ በሥራ ሰዓት?»

ማስታወቂያውን እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። እሱ ጁዲትን አያት፣ እሷም አየችው። «ጥሩ አለቃ አለህ» አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልወጣውም። ይህን ስለ እሱ ልብ በይለት።

በእግራችን ተነሳን። ታክሲ ልጥራ አለ፤ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል አልኩት። ጁዲት «ከሁለት አንዳችሁ ትሞታላችሁ፣ ሠርጉም ያለ አባት ይቀራል» እያለች ከኋላችን ትመጣለች። ከጥግ ጥግ ስለ ቤቶቹ አሠራር ብነግራቸውም የሚሰማኝ አልነበረም። ተሸንፌ ነበር። አልዋሽሽም፤ ጎተራው ታየኝ።

አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ስንደርስ ሀርላን ቆመ። «ከዚህ አልነቃነቅም። ከፈለግህ ተኩሰህ ጣለኝ፤ እኛ ለፈረስ እንደዚያ ነው የምናደርገው» ብሎ አጠገቡ ባገኘው የሰው ደረጃ ላይ ዘጭ አለ። ደረጃው ነጭ እብነ በረድ ነው፤ እርጥብ ነው። እርጥብ ደረጃ «ገና ታጥቤያለሁ፣ አትንካኝ» ማለት እንደሆነ የዚህ ሰፈር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አፌን ስከፍት ቀድሞኝ ተቀመጠ፤ ቦት ጫማውንም ከነገበያው ዘይት ዘረጋው።

በሩ ተከፈተ። ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቁመታቸው ከሀርላን ቀበቶ የማያልፍ ሴትዮ ባልዲ ይዘው ብቅ አሉ።

«አንተ ሰውዬ! ዓይንህ የት ነው?»

«ይቅርታ እሜቴ፣ ጉልበቴ አሞኝ…»

«ስለ ጉልበትህ ማን ጠየቀህ? እኔ የምጠይቅህ ስለ መቀመጫህ ነው! ከጠዋት ጀምሬ ተንበርክኬ የፈገፈግኩት ነው!»

ጣልቃ ገባሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ብቻ እብነ በረድ ዘይት ስለሚመጥ ቶሎ በዱቄት ቢታሽ ይለቃል፤ ኮምጣጤ ግን እንዳይነካው…»

«እብነ በረድ ልታስተምረኝ መጣህ ደግሞ? ሰፈርህ የት ነው?»

«እዚሁ፣ ከፓተርሰን ፓርክ ጀርባ። ቢበዛ ስድስት መንገድ ማለፍ ነው።»

«ታዲያ ያንተ ደረጃ ምን ይመስላል?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ጁዲት አየችኝ።

ሴትዮዋ ባልዲውን ሀርላን ፊት አስቀመጡ። «በል፣ አንተ ረዥሙ። ያቆሸሸ ያጸዳል። እትዬ ቨርና እባላለሁ። መፈግፈጊያ ድንጋዩን ያዝ። በክብ አይደለም! ወዲያና ወዲህ! ላም እያለብክ ነው እንዴ?»

«እትዬ፣ ላም ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለው እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ባርኔጣውን ለጁዲት ሰጥቶ፣ ያ ግዙፍ ሰው በሻካራ ድንጋይ ደረጃ ፈገፈገ። ጁዲት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዘይቱ ለቀቀ፤ ነጩ ብቅ አለ። «ይኸው! አየሽው?» እያለ እንደ ልጅ ጮኸ። እትዬ ቨርና ቀዝቃዛ ሻይ አመጡልንና ጁዲት አጠገብ ቆመው «እኔም ሙሽራ ሆኜ የወረድኩት በዚሁ ነው» አሏት። «ቀሚሴን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሁንም አጥበዋለሁ። ሰዎች እዚህ ቤት ሰው እንዳለ ይወቁ።»

ጁዲት መሳቋን አቆመች። ወደ እኔ ዞራ «ኮሪን ከደጄ ካልወረድኩ የምትለው ይህንን ነው?» አለችኝ።

«ይህንን ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ጎተራሽ ስታወሪ ተራ አጥቼ ነዋ!» ይህ አራተኛው ቁጣዬ ነው። አልቆጨኝም።

«እሺ፣ ቤታችሁን አሳየኝ።»

መንገዳችን ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሯል፣ አያስገባም ብያቸው ነበር። ምንም አልተቆፈረም። ላሳያቸው ያልፈለግኩት ደረጃችንን ነበር። እናትሽን ከቀበርን ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ አልታጠበም። ባለፈው ገና ስትመጪ በረዶ ሸፍኖት ስለነበር አላየሽም። በረዶውን ሆን ብዬ ሳልጠርግ ትቼው ነበር። እኔ ነኝ እንግዲህ የሰውን ሥራ ስተች የምኖረው።

ስንደርስ ሦስቱም ደረጃዎች እንደ ምድጃ ጠቁረው ነበር።  ጁዲት ቀለበቷን አውልቃ ኪሷ ከተተችና «አርሊን የምትፈገፍግበት ድንጋይ የት ነው?» አለች። የእናትሽን ስም ጠርታ።

የት እንደሆነ አውቃለሁ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ በሰማያዊው ጨርቋ እንደተጠቀለለ ነበር። አራት ዓመት ያልነካሁትን አወጣሁት። የላይኛውን እኔ፣ መሃለኛውን ጁዲት፣ የታችኛውን ሀርላን ያዝን። ሀርላን አሁንም በክብ ነበር የሚፈገፍገው፤ ነገርኩት፤ «እትዬ ቨርናን ጥራልኝ፣ አንተ ትብሳለህ» አለኝ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነጩ ወጣ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ደጃቸው ላይ ቆሙ። ከማዶ ሩፈስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዴልማር! ነጭ ነበር እንዴ? እኔ እኮ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ መስሎኝ!» አለ። መንገዱ በሙሉ ሳቀ። እኔም።

ያኔ ነው ጁዲት ከነአረፋዋ ቀና ብላ መንገዱን፣ ሰዎቹን፣ ደረጃዎቹን አይታ «ከዚህ ነው የምትወርደው። ሀርላን፣ ሰምተሃል? ከዚህ ነው» ያለችው።

ሀርላን ድንጋዩን እያለቀለቀ፣ ፊቴን ሳያይ «እንግዲህ እንካፈል። ሥጋውን እኛ ከቤት እናመጣለን፣ ደረጃው ያንተ። ከኛ በኩል ድርሻችን ይሁን፤ እንዳትከለክለን» አለኝ።

ታውቂኛለሽ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱን በጩኸት አናውጠው ነበር። እሺ አልኩት። እሺ፣ ብቻ። እጄን ጨበጠኝ፤ ሁለታችንም እጃችን እርጥብ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቴክሳስ ሸኘኋቸው። ተመልሼ ከዚህ ደብዳቤ በፊት የላይኛውን ደረጃ ደግሜ አጠብኩት፤ ጠርዙ ላይ ማታ ያመለጠኝ ጭረት ነበር። እስከ ኦክቶበር ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበዋለሁ። ከዚያም በኋላ።

የምታክሚያቸው ሁሉ ከእጅሽ ድነው ይሂዱ፤ ረዥሙ ተረኛነት እግርሽን አያዝለው። ከዌድ ጋር የምትጀምሩት ቤት መሠረቱ የጠለቀ፣ ማዕዘኑ የቀና ይሁን፤ የሕንፃ መርማሪ ከዚህ የተሻለ ምርቃት አያውቅም። እናትሽ ብታይ «በመጨረሻ!» ትል ነበር።

ሁልጊዜ የሚወድሽ አባትሽ
ዴልማር ቲልማን

ማስታወሻ፦ በቢሮዬ ስልክ አትደውዪልኝ፤ ቁጥሩ ተቀይሯል። ከእንግዲህ በቤት ስልክ ደውዪ። በሥራ ቀንም ቢሆን፣ በማንኛውም ሰዓት አለሁ።