ከሠላሳ ዜሮ ስላገኘችው ምክትልዎ

ለተከበሩ የወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ አቶ ስማቸው፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጨጓራዎስ? ጦርነቱ ወደ ደጋችን ሲቃረብ የአንድ ሳምንት የሕመም ፈቃድ ወስደው ጎንደር የወረዱት፣ ማራኪ ሰፈርም በተከራዩት ቤት ዓመት ከአራት ወር የተኙት በዚሁ ሕመም ነበርና፣ ሰላም በሆነ በሦስተኛው ቀን ድነው ቢሮዎ መገኘትዎ የፈጣሪ ተአምር ነው፤ ተመስገን። እኔ ደብዳቤዎን ሁሉ የምተይብልዎ ጸሐፊዎ ዓይናለም ነኝ። ዛሬ አንዱን በራሴ ስም ተየብሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጉዳዩ ትናንት የተለጠፈው የመልሶ ግንባታና የእርቅ ኃላፊነት ውድድር ውጤት ነው። አሸናፊው እርስዎ፣ ተሸናፊዋ ምክትልዎ ወይዘሮ ሸዋአየሁ። እንኳን ደስ ያለዎ! ወይዘሮዋን እሳቸው ብል ከእርስዎ ጋር እንዳይምታቱብኝ እሷ እላታለሁ፤ ሥራችሁ እንደሆነ አይምታታም። የገረመኝን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩፣ ከቅርብ አለቃ ምዘና ከሠላሳ ዜሮ ሰጥተዋታል፤ ምክንያቱንም በዓይኔ ያላየሁትን ሥራ አልመዝንም ብለው አስጽፈውኛል። እንዴት ያለ ሸጋ ሕሊና ነው! ለተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቱን ስታስከፍት፣ የእርዳታውን ስንዴ ቆማ ስታከፋፍል፣ ማራኪ ሆነው በምን ዓይንዎ ያዩዋታል? ለእርስዎ ግን በአስቸጋሪ ወቅት በአመራርነት መቆየት በሚለው ሙሉ ሃያ ተሰጥቶዎታል። የት እንደቆዩ መስፈርቱ አይጠይቅም፤ መስፈርቱን ማን እንዳወጣው ደግሞ እኔ ተይቤዋለሁና አውቃለሁ።

፪፣ የላይኛውና የታችኛው ቀበሌ ሰዎች በግጦሽ ሣር ደም ተቃብተው፣ ወፍጮው ታች ስለቀረ የላይኛው ሰው ቆሎ እየቆረጠመ ሲያድር፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ በእግሯ ስትወጣ ስትወርድ የከረመችው እሷ ናት። ዛሬ የላይኛው ሰው ታች ወርዶ ያስፈጫል። የቀረው ሁለቱ ወገኖች ቅዳሜ የሚገቡት የእርቅ መሐላ ብቻ ነው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባል የለ? ይኸው እንግዲህ በእርስዎ ሊያልቅ ነው። እኔ ግን ፈርቻለሁ፤ ቀልዴን አይደለም። ወንድሜ መለሰ የሚያርሰው በሁለቱ ቀበሌዎች ወሰን ላይ ነው፤ መሐላው ከፈረሰ መጀመሪያ የሚሞተው ወሰን ላይ ያለው ነው።

፫፣ ለማጽናኛ የተዘጋጀላት የምስክር ወረቀት፣ ከአስተዳዳሪው ጎን ለቆመች ይላል። ምነው ጌታዬ፣ የትኛው ጎን? ከዚህ እስከ ማራኪ የሚደርስ እጅ የላትም እኮ። በዚያ ላይ ቅዳሜ ለአርባ እንግዳ ምሳ እንድታሰናዳ መመደቧን አይቻለሁ፤ ሴቶችን ወደ አመራር ስለማምጣት ያደረጉት ንግግር በወጥ ቤት በኩል ሥራ ላይ ስለዋለ ከልብ እናመሰግናለን።

ሕመምዎ ዳግም የሚነሳብዎ ከሆነ ቢያንስ በዋዜማው እንዲያስታውቁን፣ እኛም የራሳችንን ሻንጣ እንድናዘጋጅ በትሕትና እየለመንሁ፣ ለጨጓራዎ ምሕረትን፣ ለወንበርዎ ጽናትን እመኛለሁ።

እስከ ዛሬ ታዛዥዎ፣ ከነገ ጀምሮ እርስዎ እንደፈቀዱ፣
ዓይናለም ምስጋናው
ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳው

ማሳሰቢያ፦ የቅዳሜውን ጥሪ በስምዎ ተይቤ ለሁለቱም ቀበሌዎች ልኬያለሁ። የላይኛው ቀበሌ ሽማግሌ አያ ውዱ መልስ ልከዋል፤ እሷ ስትጠራን መሣሪያችንን ቤት ትተን እንመጣ ነበር፣ እርስዎ ከጠሩን ግን ይዘን ነው የምንመጣው ብለዋል። የታችኞቹም ቃል በቃል ይህንኑ ብለዋል፤ ሁለቱ ወገኖች ያለ አስታራቂ ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነው። ወንበርዎን መኻል ላይ አድርጌዋለሁ።