ኪቦርዱ ዝም ያለ ዕለት

ውድ አባባ፣

የወንዛዬ ፍል ውሃ ለጉልበትዎ በጅቶልዎት ይሆን? እኔ ደኅና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርዎት ሁለቴ ደውዬ ስለ ጎረቤት አጥር አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ ጻፍሁት። እህትዎ እትዬ እናትዓለም ናት የምታደርስልዎት፤ መንገድ ላይ እንደማትከፍተው ምላልኛለች፣ እናያለን።

የሥራ ፈተናው ዕለት ጠዋት እርስዎና እትዬ ጓዳ ሆናችሁ ስታወሩ ሰምቻለሁ። ዓይኔ ባያይም ጆሮዬን ግድግዳ እንደማያግደው ረስተውት ነው። ካለፈች ድሬዳዋ ድረስ ለሥራ ብቻዋን ሄዳ ማን ያያታል አሏት። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ "እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጅ ባታልፍ ደስ ይለኛል" አሉ።

እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርሁ። ፈተናው በኢንተርኔት ተከፍቶልኝ ጀምሬዋለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። እርስዎን ለመስማት ማሽኑ የሚያነብልኝበትን ማዳመጫ አወለቅሁ፤ ጣቶቼ ግን ኪቦርዱ ላይ እንደተጫኑ ቀሩ። ወደ ጥያቄው ስመለስ ኪቦርዱ ዝም አለ።

ምን ብነካ መልስ የለም። የሚያይ ሰው ማውዝ አለው፤ እኔ የምጽፈውም ማሽኑን የማስነብበውም በኪቦርዱ ብቻ ነው። ሊኑክሱን፣ ማሽኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ለጫነችልኝ ለቃልኪዳን ደወልሁ። ትናንት ማሽኑ ራሱን ሲያድስ የኪቦርዱ ድራይቨር፣ ማለት ኪቦርዱን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ተበላሽቶ ይሆናል አለች። እርስዎ ድምፄን ሰምተው ሲገቡ፣ ሌላ ኪቦርድ ሰክተን እንድንሞክር ነገረችን። ከግሩም ኢንተርኔት ቤት ተውሰው ያመጡት እርስዎ ነዎት። በዚያ ጉልበትዎ ሮጠው እንደመጡ ከትንፋሽዎ አወቅሁ፤ ጠዋት የሰማሁትን ሳስብ ግራ ገባኝ።

የተዋሱት ኪቦርድም አልሠራም። ቃልኪዳን ሁለቱም እምቢ ካሉ ድራይቨሩን እንተወው፣ የተነካ ነገር አለ አለች። ስክሪኑ ላይ የወጣ ጽሑፍ ካለ እርስዎ እንዲያነቡልኝ ጠየቀች።

ጎንበስ ብለው አዩ። "ከፈተናው በቀር ምንም የለም" አሉኝ።

አባባ፣ ያን ጊዜ ጠላሁዎት። አላመንሁዎትም፤ ግን ምን አይቼ ልሞግትዎት? ከሐይቁ በኩል የጀልባ ሞተር ይሰማል፣ ቃልኪዳን በስልኩ ሃሎ ሃሎ ትላለች። ስንት ደቂቃ እንደቀረኝ ጠየቅሁዎት። ልለምንዎት ፈልጌ ተውሁት።

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። አጠገቤ ተቀመጡ።

"ወንጌል፣ አንድ ነገር አለ። ቅድም አላነበብሁልሽም" አሉ።

በዚያ በፋብሪካ ጸሐፊነት በተማሩት እንግሊዝኛ ቃል በቃል አነበቡልኝ። ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ለረጅም ጊዜ ስለተጫንሽው፣ ከእንግዲህ ቁልፎቹ ቆየት ተብለው ካልተያዙ አይጽፉም ይላል። ለካ እርስዎን ሳዳምጥ ጣቴን አላነሣሁም! ማሽኑ አንብቦልኝም ከነበረ ማዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በድንጋጤ ነካ ነካ እያደረግሁ ስተወው አንድም ፊደል አልጻፈም። ቃልኪዳን ሳቀች። እኛ አልሳቅንም። ማውዙን ይዘው አጥፋ የሚለውን የተጫኑት እርስዎ ነዎት። ፈተናው እስኪዘጋ ጻፍሁ፤ እርስዎም ከወንበሩ አልተነሡም።

ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ሳንነጋገር ወንዛዬ ሄዱ። ተቀይሜ ነበር፤ አሁንም ትንሽ አለብኝ። የከበደኝ መዋሸትዎ ብቻ አይደለም፤ ያን ያህል ፈርተውልኝ ሳለ ለእኔ ሳይሆን ለእትዬ መንገርዎ ነው። እኔም እኮ እፈራለሁ።

ትናንት ውጤቱ በኢሜይል መጣ። ማሽኑ ማንበብ ሲጀምር ድምፁን ዘጋሁት። ቃልኪዳን ላንብብልሽ ብትለኝ እምቢ አልሁ። እርስዎ ሲመለሱ አጠገቤ ተቀምጠው ያነቡልኛል፤ ሌላ ሰው አልጠራም። ያሉኝን አምናለሁ።

ልጅዎ ወንጌላዊት
ባሕር ዳር