የምታነክሰው አውቶቡስ

እመት መቀስ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ?

ለልጆች ድራማው መክፈቻ ከካርቶን ቆርጠሽ ያስያዝሽኝ፣ በየመስኮቷ የተዋንያኑ ስም ብቅ የሚልባት አውቶቡስ ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሕፃናት ፊት ቀረበች። አንድ ጎማዋ ክብ እንዳልሆነ መቼም አትረሺውም። እኔ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ በሚያወራበት በዚህ ስቱዲዮ አፈርኩባትና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጎማዋን በኮምፒውተር ድብልብል አደረግኩላት። ልጆቹ ዝም ብለው አዩዋት። አንዱማ አዛጋ።

ከዚያ ቴክኒሻኑ ተሳስቶ ያንቺን፣ ያልተነካችውን ለቀቃት። ገና ማነከስ ስትጀምር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወንበር ላይ ቆመው አብረዋት ግራ ቀኝ ተወዛወዙ፤ ያን ቀን እናንተ ቤት ምንጣፉ ላይ ስንሞክራት ልጆችሽ እንዳደረጉት። ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞራ «ይቺን የት ደብቀሃት ነው?» አለችኝ። ግን ለቴሌቪዥን ጣቢያው የተላከችው የኔዋ ናት፤ ከእንግዲህ መቀየር አይቻልም ብለዋል። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፣ ጥግ ጥጉን ነው የምጽፈው። እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ድራማው ሲጀምር ልጆችሽ «አውቶቡሳችን ምን ሆነች?» ማለታቸው አይቀርም። እባክሽ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁሚና አንቺው አነክሺላቸው።

አስተካካዩ ጓደኛሽ